አጎበር ከማደልዎ በፊት ምሽቱን ይዩ
በገዳሪፍና በመተማ መስመር ዕቅድ ለሚያወጡ፣ በጀት ለሚመድቡና ካምፕ ለሚያስተዳድሩ

ከገዳሪፍ እስከ ገላባት፣ ድንበሩን ተሻግሮም ከመተማ ዮሐንስ እስከ አብደራፊና ሑመራ ያለው ቆላ መልኩ አንድ ነው። በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ፣ ግራርና ላሎብ፣ ሰሊጥና ማሽላ። ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፣ ተከዜም ሰቲት ይሆናል፤ ውኃው ግን ያው ነው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የካላዛር በሽታም እንደዚያው ነው። በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ዙሪያ የሚጠለለው የአሸዋ ዝንብ የገዳሪፍን ገበሬም፣ ከደጋ ለሰሊጥ አረም የወረደውን ወጣትም ሳይለይ ይነክሳል። ሕክምና ያላገኘ የካላዛር ሕመምተኛ ከሞት የሚተርፈው ከስንት አንዴ ነው።

ይህ መመሪያ ለሐኪሞች የተጻፈ አይደለም። በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ለሚያዘጋጁ፣ በረድኤት ድርጅት ገንዘብ ለሚደለድሉ፣ የሰፋፊ እርሻ ባለቤት ወይም ወኪል ለሆኑ፣ የስደተኛ መጠለያ ለሚመሩ ሰዎች ነው። ሰው የሚጠቅመውን እያወቀ ለምን እንደማያደርገው የሚመረምረው የባሕርይ ሳይንስ ባለፉት ሃያ ዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ መንግሥት ቤት ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የእንግሊዝ መንግሥት ለዚሁ ሥራ ራሱን የቻለ ቡድን አቋቋመ። የዓለም ባንክም የ2015 ዓመታዊ የልማት ሪፖርቱን ሙሉ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጠ። የእኛ ቆላ ግን ከሁለቱም በፊት ያየው ትምህርት አለ።

እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 የድንበር የለሽ ሐኪሞች የሆላንድ ክፍል በገዳሪፍ ግዛት በ155 መንደሮች 357,000 በፀረ ተባይ የተነከሩ አጎበሮች አደለ። ከዚያም በሕክምና ጣቢያዎቹ የተመዘገቡት ሕመምተኞች በየመንደራቸውና በየወሩ ተለይተው የ114 መንደሮች መረጃ ተመረመረ። አጎበር በገባ ከ17 እስከ 20 ወራት ባለው ጊዜ የካላዛር ሕመም በ59 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከሰኔ 1999 እስከ ጥር 2001 (እ.ኤ.አ.) ያለው ጊዜ በጠቅላላ ሲታይ ግን የመከላከል አቅሙ በአማካይ 27 በመቶ ነበር። 1,060 ያህል ሰዎች ከሕመም እንደዳኑ ተገምቷል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ እናት ልጅ ነው። ሆኖም ውጤቱ ከዚህም በላይ እንዳይሆን ከያዙት ነገሮች ዋናው የሰዎቹ የአዳር ልማድ ነበር። ዝንቡ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ሲንቀሳቀስ ብዙው ሰው ገና አጎበር ውስጥ አልገባም። በደረቁ ወራት ደግሞ ሙቀቱ አጎበሩን ያስጥላል።

አጎበሩ ደርሷል፣ ሰዎቹም ተቀብለውታል። ክፍተቱ የነበረው በእነዚያ አምስት ሰዓቶች ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ እነዚያን ሰዓቶች ለመሙላት የታሰቡ ናቸው። ሥራዎ ካላዛር ባይሆን፣ ክትባት ወይም ንጹሕ ውኃ ወይም የቁጠባ ማኅበር ቢሆን፣ መንገዱ ያው ስለሆነ ምሳሌውን በራስዎ ጉዳይ ይተኩት።

አንድ፦ የሚፈልጉትን ድርጊት በሰዓትና በቦታ ይጻፉ

ዕቅድዎ ላይ «የማኅበረሰቡን ግንዛቤ ማሳደግ» የሚል ግብ ካለ ይሰርዙት። እንዲህ ያለ ግብ አይታይም፣ አይቆጠርም፣ ሳይሳካም ተሳክቷል ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። በምትኩ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሲያደርግ ማየት እንደሚፈልጉ ይጻፉ። ለምሳሌ «በእርሻው ካምፕ የሚያድር እያንዳንዱ ሠራተኛ ከመጋቢት እስከ ኅዳር፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ፣ ከግራር ሥር ርቆ በተነከረ አጎበር ውስጥ ይሆናል» ይበሉ።

እንዲህ ተደርጎ ሲጻፍ ችግሩ ወዲያው ይወጣል። በ2 ሰዓት ማን ይተኛል? አጎበሩስ ከምን ላይ ይሰቀላል? ካምፑ ግራር ሥር የተተከለው ጥላ ተፈልጎ አይደለም ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ግዢው ካለቀ በኋላ ካምፕ ላይ ከሚነሡ፣ አሁን ጠረጴዛ ላይ ቢነሡ ይሻላል።

ወሩንም በጥንቃቄ ይጻፉ። የአሸዋ ዝንብ የሚበዛው በበጋው ማብቂያ፣ በግምት ከመጋቢት እስከ ሰኔ ነው። በብዙ ቦታ አጎበር የሚታሰበው ግን ክረምት ሲገባና ትንኝ ጆሮ ላይ ማፏጨት ሲጀምር ነው። ለምንጣሮና ለእርሻ ቀድሞ የወረደ ሠራተኛ፣ ዓመቱን ሙሉ እርሻ የሚጠብቅ ዘበኛና የመንደሩ ነዋሪ ያን ጊዜ ተነክሰው ጨርሰዋል። ዋልካው ከራሰ በኋላ ደግሞ መኪና አያልፍም። ከሰኔ በኋላ ለማደል ያቀደ ሰው በጭቃ ለተያዘ መጋዘን ነው የገዛው።

ሁለት፦ ሄደው ምሽቱን ይዩ

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚዘለለው ደረጃ ነው። የወረዳ ቡድን ካምፕ የሚጎበኘው በአብዛኛው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሠራተኛው ማሳ ላይ ስለሆነ ካምፑ ውስጥ የሚገኙት ወጥ ቤት የሚሠራውና ዘበኛው ናቸው። ከእነሱ ጋር ተነጋግሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። የሚፈለገው ድርጊት የሚደረገው ወይም የሚቀረው ቡድኑ ከሄደ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው።

ስለዚህ ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ይድረሱና እስከ 5 ሰዓት ይቆዩ። የሚያዩት እንዲህ ያለ ነገር ነው። ሠራተኞቹ ከማሳ ሲመለሱ ፊትና እግራቸውን ይታጠባሉ፣ ሸሚዛቸውን አውልቀው ላባቸውን ያደርቃሉ። ዝንቡም የሚወጣው ያኔ ነው። እሳት ይነዳል፣ ቂጣ ይጋገራል፣ በሱዳን በኩል ከሆነ ዐሲዳ ይገነፋል። ዳሱ ውስጥ የቀኑ ሙቀት ገና ስላልወጣ ማንም አይገባም። በሚያዝያ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ውሎ ምሽቱም ቶሎ አይበርድም። ስለዚህ ጨዋታው፣ ስልኩ፣ ካርታው፣ የቤት ናፍቆቱ ሁሉ ውጭ፣ ዛፍ ሥር ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ አንዱ ማዳበሪያ አንጥፎ መሬት ላይ ጋደም ይላል፤ ዕድሜ ጠገቡ ሰው ዐንገሬብ በሚባለው የገመድ አልጋ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ሸራ ይዘረጋል። አጎበር የተሰጠው ሰው አጎበሩን ከነላስቲኩ ትራስ አድርጎት ሊያገኙት ይችላሉ። ለምን እንዳልሰቀለው ሲጠይቁት ዙሪያውን ያሳይዎታል፤ አራት ማዕዘን የሚታሰርበት ነገር የለም።

ሲያዩ አይምከሩ። ማስታወሻዎ ላይ ሰዓት በሰዓት ስንት ሰው የት እንዳለ፣ ስንቱ ልብሱን እንዳወለቀ፣ ስንት አጎበር እንደተሰቀለ ብቻ ይመዝግቡ። ሁለት የተለያዩ ካምፖችን ማየት ይበቃል፤ አንዱ ግን በሌላ የእርሻ ባለቤት የሚተዳደር ይሁን።

ሦስት፦ ያልሰቀለው ለምን እንዳልሰቀለ፣ የሰቀለውም ለምን እንደሰቀለ ይጠይቁ

«ሰው ስላላወቀ ነው» የሚለውን ምክንያት በመጨረሻ ይመኑ። ባለሥልጣን ቶሎ የሚደርስበት መልስ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱን ሠራተኛው ላይ ጥሎ መፍትሔውን ፖስተር ያደርገዋል። በዚህ ቆላ እውነተኞቹ እንቅፋቶች ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት አይወጡም።

የመጀመሪያው ዝንቡ ራሱ ነው። ርዝመቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ሲበር አይሰማም። ሕመሙ ደግሞ ከንክሻው በኋላ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ነው የሚወጣው። በግንቦት ማታ የተነከሰ ልጅ በጥቅምት አጨዳ ላይ ይታመማል፣ ወይም ደጋ ቤቱ ከገባ በኋላ። ጥፋትና ቅጣት በዚህን ያህል ሲራራቁ የትኛውም ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ ከራሱ ተሞክሮ ሊማር አይችልም። አጎበር ውስጥ ያደረውም ውጭ ያደረውም ጠዋት እኩል ጤነኛ ሆነው ይነሣሉ።

ሁለተኛው የገንዘብ ጭንቀት ነው። በህንድ ታሚል ናዱ በሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አለ። ያው ገበሬ ምርት ከመሰብሰቡ በፊት እጁ ባጠረበት ሰሞን የተሰጠውን የማሰብ ፈተና፣ ምርቱን ሸጦ ገንዘብ ከያዘ በኋላ ከሠራው ባነሰ ሁኔታ ሠራው። ሰውየው አልተለወጠም፤ ሐሳቡን የያዘው ነገር ነው የተለወጠው። የሰሊጥ ሠራተኛም ቤት የተወው ብድር፣ ለደላላ የከፈለው፣ አሠሪው ይከፍላል ወይስ ይክዳል የሚለው ሥጋት ልቡን ይዞታል። በዚህ ላይ በየማታው አጎበር መስቀልን እንዲያስታውስ መጠየቅ ሸክም መጨመር ነው። እርስዎ ማቅለል የሚገባዎት ይህንን ነው።

ሦስተኛው ተራ የአሠራር ክፍተት ነው። አጎበር የሚታደለው በቤተሰብ ተቆጥሮ፣ በቀበሌ መዝገብ ነው። ወቅታዊ ሠራተኛ በትውልድ ቀበሌው ሲታደል ቆላ ነው፤ ቆላ ሲታደል ደግሞ መዝገብ ላይ የለም።

የሰቀሉትን ሰዎች መጠየቅ ግን አይርሱ። በየካምፑ ሁለት ሦስት አይጠፉም። አንዱ ቀድሞ የታመመ ወንድም ያለው ይሆናል፤ ሌላው እባብ የሚፈራ ነው። ይህ ሁለተኛው መልስ በጣም ይጠቅምዎታል። በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካላዛርን ሲያክሙ በእባብ የተነደፉትንም አብረው ሲያክሙ ቆይተዋል፤ ሁለቱም የሚይዙት ያንኑ መሬት ላይ የሚተኛ ሠራተኛ ነው። በኔፓል የተደረገ ጥናት ደግሞ በአጎበር ውስጥ መተኛት በእባብ የመነደፍን ዕድል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከአምስት ወር በኋላ ስለሚመጣ በሽታ ከመስበክ ይልቅ ዛሬ ማታ ስለሚገባ እባብና ስለሚያፏጭ ትንኝ ይናገሩ። ጫፉ ከምንጣፉ ሥር ይወተፍ ማለትዎን ብቻ አይርሱ፤ ካልተወተፈ ለእባብም ለዝንብም በር ነው።

አራት፦ ውሳኔው በማን እጅ እንዳለ ይለዩ

ሠራተኛው የሚወስነው ትንሽ ነገር ነው። ካምፑ የት እንደሚተከል፣ ዳስ ይሠራ ወይስ ሸራ ይዘርጋ፣ እራት በስንት ሰዓት ይድረስ፣ እነዚህን የሚወስኑት ባለሀብቱ፣ ወኪሉና የቡድን መሪው ናቸው። በአማራ ክልል በሊቦ ከምከም ወረዳ በተከሰተው የካላዛር ወረርሽኝ ጊዜ የተደረገ ጥናት ቀን በግራር ሥር መተኛትና ማታ ውጭ ማደር ለካላዛር የመጋለጥ ዕድልን በጉልህ እንደሚጨምሩ አግኝቷል። በግራር ሥር ያለ ማደሪያ የሠራተኛው ምርጫ እምብዛም አይደለም፤ ሸራው የተተከለው እዚያ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያነጋግሩት ወኪሉን ይሁን፤ ጥያቄዎም አንድ ብቻ ይሁን። «የዘንድሮውን ካምፕ ከግራሩ አርቀው፣ ስንጥቅ በሌለበት ደልዳላ ላይ ይተክሉልናል?» ይበሉት። ይህ አንድ ውሳኔ በዓመት አንዴ ብቻ ይወሰናል፤ የሠራተኛው አጎበር ግን በየማታው ነው የሚወሰነው። አንዴ የሚወሰን ነገር ሁልጊዜ ይቀድማል። የጥላው ነገር ከተነሣ፣ ይነሣልም፣ ለቀን ማረፊያ የሚሆን ዳስ ለብቻ ይሠራ።

የመጠለያ አስተዳዳሪዎችንም ይህ ይመለከታል። በገዳሪፍ ያለው የኡም ራኩባ መጠለያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ዳግመኛም ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን አስጠልሏል፤ ቱነይድባ ደግሞ በታኅሣሥ 2013 ተከፈተ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ጉዞው ተገለበጠና ሰው በገላባት በኩል ወደ መተማ ፈለሰ፤ ኩመር ላይ መጠለያ ተተከለ። እንዲህ ባለ ጥድፊያ ቦታ የሚመርጥ ሰው ውኃና መንገድ ብቻ ነው የሚያየው። የዛፉንና የአፈሩን ነገር የሚያስታውስ አንድ መስመር በቦታ መምረጫ ቅጹ ላይ አስቀድመው ካስገቡ፣ በጭንቅ ሰዓት ማንም ማስታወስ አያስፈልገውም።

አምስት፦ ትክክለኛው ነገር ሳይመረጥ የሚገኝ ይሁን

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሪቻርድ ታለር እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሐሳቦች አንዱ በአጭሩ ሲነገር፣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄደው ምንም ሳይመርጥ ወደሚደርስበት መንገድ ነው። ታዲያ ምንም ሳይመርጥ አጎበር ውስጥ እንዲገባ ያድርጉት።

በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። አጎበሩን በእጅ አያድሉ፤ ተሰቅሎ ይጠብቀው። በሁለት ጠንካራ እንጨቶች መካከል ወፍራም ሽቦ ወይም ገመድ ይወጠርና አጎበሮቹ ከላዩ ላይ በተርታ ይታሰሩ። አራት ማዕዘን ከሚፈልገው ይልቅ ከአንድ ነጥብ የሚንጠለጠለው ክቡ ዓይነት ለካምፕ ይመቻል። መስመሩ ዳስ ውስጥ ሳይሆን ነፋስ በሚያገኝበት ደጅ ይዘርጋ፤ ሠራተኛው ውጭ እንደሚተኛ በደረጃ ሁለት ላይ አይተዋል፤ ከሙቀቱ ጋር አይጣሉ። የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ በጣም ስለሚያንስ ባልተነከረ ሰፊ ቀዳዳ አልፎ ይገባል። ስለዚህ በፀረ ተባይ የተነከረ መሆኑ የግድ ነው።

ከ12 ሰዓት እስከ መኝታ ያለው ጊዜ ይከብዳል፤ ሰውን ከእራቱና ከጨዋታው ነጥቆ አጎበር ውስጥ መክተት አይቻልም። እኔ የምመክረው የእሳቱንና የመቀመጫውን ቦታ ከዛፉ ማራቅ፣ ማታ የሚለበስ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ከሥራ ልብሱ ጋር መስጠት፣ እራቱም ግማሽ ሰዓት ቀደም እንዲል ከወጥ ቤቱ ጋር መስማማት ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሠራ የሚያውቁት ሞክረው ሲቆጥሩ ብቻ ነው፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሠራተኛ ካምፕ የገባበት የመጀመሪያ ማታ ወሳኝ ነው። የት እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚበላ የሚለመደው ያኔ ነው። ከሳምንት በኋላ የመጣ ትምህርት ሥር የሰደደ ልማድን ነው የሚታገለው። መልእክቱም በሚሰማው ቋንቋ ይሁን፤ በገዳሪፍ እርሻ ላይ ላለ አማርኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪ በዐረብኛ የተጻፈ ፖስተር ግድግዳ ከመሸፈን አያልፍም። የሚናገረው ደግሞ እርስዎ ሳይሆኑ ታሞ የዳነ ሠራተኛ ቢሆን ይመረጣል።

ስድስት፦ ዋጋ አይጠይቁ

«በነፃ የተሰጠ ነገር ይናቃል» የሚል ክርክር ይገጥምዎታል። በኬንያ ምዕራብ ነፍሰ ጡሮች ላይ ተፈትኗል። የአጎበር ዋጋ ከዜሮ ወደ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ከፍ ሲል ወሳጁ በ60 መቶኛ ነጥብ አሽቆለቆለ፤ የከፈሉትም በነፃ ካገኙት የበለጠ አልተጠቀሙበትም። ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ የአጎበር ሒሳብ የሚቆርጥ አሠሪ ካለ በዚህ መረጃ ይሞግቱት።

ሰባት፦ ለትኩሳት አንድ አጭር ደንብ ይስጡ፣ ለታመመው ማካካሻ አይንፈጉ

መከላከሉ ሁሉንም አያድንም። የታመመው ሰው የሚሞተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመዘግየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ካላዛር መሆኑ ከመታወቁ በፊት ሕመሙ ወባ እየተባለ ብዙ ሰው አልቋል፤ በሽታውን ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች እንዳመጡት ይገመታል። ቆላ ላይ ትኩሳት ያመመው ሰው የሚያስበው ወባን ነው፣ የሚውጠውም የወባ ክኒን ነው፤ ባይሻለው ደግሞ ይደግማል።

ይህን ሐሳብ በረጅም ትምህርት መንቀል ከባድ ነው። በአጭር ደንብ ግን ማለፍ ይቻላል። «ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ የወባ መድኃኒት ወስዶም ካልተወው፣ የካላዛር ምርመራ ይጠይቅ።» ደንቡን ለሠራተኛው ብቻ አይንገሩ፤ ለቡድን መሪው፣ ለመድኃኒት ቤቱ ሻጭና ለሹፌሩም ይንገሩ። ከጣት ደም ተወስዶ ውጤቱ በደቂቃዎች የሚታወቅ ምርመራ ስላለ ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። የሚከብደው ሕክምናው ነው። ለረጅም ጊዜ መደበኛ ሆኖ የቆየው ሕክምና በየቀኑ መርፌ እየተወጉ 17 ቀን መተኛትን ይጠይቃል። መድኃኒቱ በነፃ በሚሰጥበት ቦታ እንኳ 17 ቀን ያለ ገቢ፣ ያለ አስታማሚ፣ አጨዳው እያመለጠ መተኛት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ትንሽ ማካካሻ ብዙ የምታደርገው። በህንድ ኡዳይፑር ገጠር ልጆቻቸውን ሙሉ ክትባት ያስከተቡ ቤተሰቦች 6 በመቶ ነበሩ። የክትባት ጣቢያው በቀኑ ሳይዛነፍ መገኘት ሲጀምር 18 በመቶ ሆኑ፤ በዚያ ላይ በየክትባቱ አንድ ኪሎ ምስር ሲታከልበት 39 በመቶ ደረሱ። ለካላዛር ሕመምተኛም የምግብና የመመለሻ ትራንስፖርት ወጪ ይመደብ፤ ለአስታማሚውም እንዲሁ። አሠሪውም ለታመመ ሠራተኛ የሠራበትን ሒሳብ ሕክምና ከመሄዱ በፊት እንዲከፍለው በውል ይግባ። ያልተከፈለው ሠራተኛ ገንዘቡን ሲጠብቅ ካምፕ ውስጥ ይሞታል።

ስምንት፦ ሰውን የሚጎዳ ብልሃት አይጠቀሙ

በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ድንበር የተሻገሩት ያለ ወረቀት ነው። የስም ዝርዝር የያዘ ሰው ካምፕ ሲገባ ሊታሰር ወይም ሊመለስ ነው ብሎ የሚሸሽ አለ፤ የሸሸውም የሚያድረው ጫካ ውስጥ፣ ዝንቡ መሐል ነው። ለአጎበር ስም አይጠይቁ። ቁጥር ይበቃል። በዚህ አካባቢ ከካላዛር ሕመምተኞች ጉልህ የሆነው ክፍል ኤችአይቪም አብሮት ስላለ፣ የሕመም ወሬ ከሕክምና ክፍል ወደ ወኪሉ ጆሮ የሚሄድበት መንገድ ሁሉ ይዘጋ። በማስፈራራት፣ ደመወዝ በመያዝ፣ «ያልሰቀለ ይባረራል» በማለት የሚገኝ ውጤት ደግሞ እርስዎ እስካሉ ድረስ ብቻ ነው፤ ቂሙ ግን ለሚቀጥለው ጤና ሠራተኛ ይተርፋል።

ሌላም አለ። የባሕርይ ሳይንስ ርካሽ ነው ተብሎ በጤና ጣቢያ፣ በመድኃኒትና በደህና መኖሪያ ፈንታ ሊቀርብልዎት ይችላል፤ አይቀበሉ። ገመድና እንጨት ማስተካከል የሚጠቅመው አጎበሩ ሲኖር ነው። የሁለት ሳምንቱም ደንብ የሚረዳው መርማሪ ያለበት ጤና ጣቢያ በሚደረስበት ርቀት ሲገኝ ነው።

ዘጠኝ፦ በዕጣ ይሞክሩ፣ በዓይን ይቁጠሩ

የገዳሪፉ ሥራ ውጤቱ ሊታወቅ የቻለው የየመንደሩ ሕመምተኛ በየወሩ ስለተመዘገበና አጎበሩ የገባበት ጊዜ ስለታወቀ ነው። «ሠርቷል» የተባለው በስሜት አይደለም። እርስዎም ለሁሉም ካምፕ በአንድ ቀን መድረስ አይችሉም፤ ተሽከርካሪውም በጀቱም አይበቃም። ያንን ጉድለት ወደ ጥቅም ይለውጡት። የካምፖቹን ስም በወረቀት ጽፈው ባለቤቶቹ ባሉበት ዕጣ ያውጡ፤ ግማሾቹ ዘንድሮ ቀድመው ያግኙ፣ የቀሩት ከወር በኋላ። ዕጣ ማንንም አያስቀይምም፤ ሁለቱን ወገን አነጻጽሮ የለውጡን መጠን ለማወቅም ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። የሚያዘገዩት ግን አዲሱን አሰቃቀል እንጂ አጎበሩን አይሁን፤ ጥቅሙ የታወቀ ነገር ለሙከራ ሲባል አይከለከልም።

የሚለኩትንም ይምረጡ። «አጎበር ትጠቀማለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ይላል፤ እንግዳ ማስደሰት ወግ ነው። ስለዚህ ሳይነግሩ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይሂዱና የተሰቀሉትን ይቁጠሩ፤ ከውስጣቸው ሰው ያለባቸውንም ለይተው ይቁጠሩ። በመጋቢት መጨረሻ፣ በግንቦትና በሐምሌ ቢደገም የሙቀቱ ወር ምን ያህል እንደሚያስጥል ይታያል። የሕመምተኛውን ቁጥር ከጥር በፊት አይጠብቁት፤ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ የሠራተኛው የትውልድ ወረዳ ውስጥ ነው። ለዚህም ነው ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ማዕከልና ከደጋ ወረዳዎች ጋር «ዘንድሮ የት ነበር የሠራኸው?» የሚለው ጥያቄ በታካሚ ካርድ ላይ እንዲገባ አስቀድመው መነጋገር ያለብዎት።

ሲጨርሱ ውጤቱን በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና በዐረብኛ ይጻፉት። የካምፑ ቦታ፣ ከዛፉ ያለው ርቀት፣ በ3 ሰዓት የተቆጠረው የአጎበር ብዛትና ሞክረው ያልሠራልዎት ነገር ከነምክንያቱ ይግባበት። ቅጂው በድንበሩ በሁለቱም በኩል ላሉ የጤና ኃላፊዎችና ለእርሻ ወኪሎቹ እስከ የካቲት አጋማሽ ይድረሳቸው፤ የመጋቢት ካምፕ የሚተከልበትን ቦታ የሚመርጡት ያን ሰሞን ነው።